የወላጆቼን የሰርግ ካሴት በፕሮጀክተር ለማሳየት፦ ዴኩ ይሠራል፣ ፕሮጀክተሩ ግን «ሲግናል የለም» ይላል

የሞጣዋ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጥር ላይ ያገባል። ለመልሱ ማታ የእናትና አባታችንን የሰርግ ቪዲዮ ለዘመድ አዝማድ ማሳየት አስበናል። የተቀረጸው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በትልቁ በቪኤችኤስ ካሴት። ቅጂ የለውም። ያለን ይሄው አንድ ካሴት ብቻ ነው። አያታችን ዳሱ መሃል ቆመው ቀረርቶ ሲያሰሙ እዚያ ውስጥ አሉ። ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ሌላ የትም የለም።

ዴክ ከጎረቤት ተውሰን በአሮጌው ቴሌቪዥን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሞከርነው፤ ይሠራል። ፕሮጀክተሩን ደግሞ ከሥራ ባልደረባዬ ተውሻለሁ። ዴኩ ከኋላው ያለው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ነው። ፕሮጀክተሩ ያለው ግን ኤችዲኤምአይ፣ ቪጂኤ እና ዩኤስቢ ብቻ። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ አንዲት ትንሽ ጥቁር መቀየሪያ ሳጥን ሸጡልኝ። ባንድ በኩል ሦስቱ ቀለሞች፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ አላት። ሰካኋት። ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ሆኖ «ሲግናል የለም» ይላል። ገመድ ቀየርኩ፤ አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ሰርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ምን ይሻለኛል?

የፍኖተ ሰላሙ ካሜራማን፦

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ። መጀመሪያ ሁለት ነገር አይተሽ ንገሪን። አንደኛ፣ ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት ይበራል? ከጎኗ ለዩኤስቢ ገመድ ትንሽ ቀዳዳ አላት፤ ከስልክ ቻርጀር ራስ 5 ቮልት ካላገኘች አትሠራም። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ሁለተኛ፣ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ። የቱ ነው የቀደመው፣ «ኤቪ» (ሦስቱ ቀለሞች ማለት ነው) ወይስ «ኤችዲኤምአይ»?

የሞጣዋ ልጅ፦

መብራቷ ይበራል፤ ከስልኬ ቻርጀር ጋር አያይዣታለሁ። የተጻፈው «ኤችዲኤምአይ ቱ ኤቪ» ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ካሜራማን፦

በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። የተሸጠልሽ ተቃራኒው ነው። ያንቺዋ ከአዲስ ዕቃ፣ ማለትም ከላፕቶፕ ወይም ከሪሲቨር፣ ወደ አሮጌ ቴሌቪዥን የምትወስደዋ ናት። አንቺ የምትፈልጊው ከአሮጌ ወደ አዲስ የሚሄደውን፣ «ኤቪ ቱ ኤችዲኤምአይ» የሚለውን ነው። ሁለቱ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ፤ መሰኪያቸውም አንድ ነው። ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠሩት። ገልብጠሽ ብትሰኪያትም አትሠራም። እኔም አንድ ጊዜ ለሥራ ስጣደፍ የተሳሳተውን ገዝቼ ሌሊቱን ሙሉ ገመድ ስቀያይር አድሬያለሁ።

ቀይሩልኝ ብለሽ ጠይቂያቸው። እዚያ ከሌለ ባህር ዳር አይጠፋም። የምታውቂው ሰው ገዝቶ በሚኒባስ ረዳት ይላክልሽ። ግን ሳይከፍል በፊት የሳጥኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስቶ ያሳይሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቢጫው ወደ ቪጂኤ የሚሄድ ተራ ገመድ ሊሸጡልሽ ይችላሉ፤ እንዳትገዢ። ቢጫው የሚያወጣው ምልክትና ቪጂኤ የሚቀበለው ምልክት የተለያዩ ናቸው። መሃል ላይ መብራት የሚያገኝ መቀየሪያ ከሌለ ገመድ ብቻውን ምንም አያደርግም።

የዳንግላው ጠጋኝ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ካሴቱ ነው። እህቴ፣ በሞቴ፣ ያንን ካሴት በመልሱ ማታ በዳሱ ውስጥ አታጫውቺው። ከ25 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ለእናቱ ካሴት፣ የተውሶ ዴክ፣ መብራቱ መጥቶ ይሄዳል፣ ሰው ገመድ ይረግጣል። ዴኩ ካሴቱን ቢበላ ያ ቀረርቶ አይመለስም። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፕ ገልብጪው። በዕለቱ የሚታየው ግልባጩ ይሁን።

እስከዚያው ካሴቱን እንደገና ሳትከቺው እነዚህን አድርጊ። በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቅልሉን በመብራት እዪው። ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ እንዳትከቺው። ሻጋታው ቴፑን ወደሚያነበው የዴኩ ክፍል፣ ወደ «ሄዱ» ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላውንም ካሴት ያበላሻል። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን እዪ። ስሙ በሚጻፍበት ጠርዝ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች። ካልተሰበረች ስበሪያት። እሷ ካለች አንድ ልጅ የመቅረጫውን ቁልፍ ቢነካ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል። ከተሰበረች ዴኩ አይቀርጽም።

ዴኩንም መጀመሪያ በማትሳሽለት ካሴት ግማሽ ሰዓት ፈትኚው። ከዚያ ያንቺን እስከ መጨረሻው አሳልፈሽ መልሰሽ ጠቅልይው። ለዓመታት የተጣበቀው ቴፕ ይላቀቃል።

የቡሬው ሳውንድ፦

ግልበጣው ጥሩ ነው። ግን ጊዜ ከሌላት ትክክለኛዋን ሳጥን ገዝታ በቀጥታ ብታገናኘውስ? እኛ ስንት ሰርግ ላይ እንዲያ አሳይተናል፤ ምንም አልሆነም።

የዳንግላው ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ የእናንተ ምንም አለመሆኑ ደስ ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው ግን የሆነው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው የእናቱን የክርስትና በዓል ካሴት ተጨማድዶ አመጣልኝ። የተጨማደደውን ቆርጬ ቀጠልኩለት፤ የተቆረጠው ቦታ ላይ ያለውን ግን ማንም አይመልሰውም። ሦስት ሳምንት አላት፤ ግልበጣው የሚፈልገው ቴፑ የሚፈጀውን ሰዓት ብቻ ነው።

የሞጣዋ ልጅ፦

ልክ ብለሃል፣ ወንድሜ። እንዴት ነው የሚገለበጠው? ላፕቶፕ አለኝ። ሱቅ ልስጠው ወይስ ራሴ ልሞክር?

የፍኖተ ሰላሙ ካሜራማን፦

ራስሽ ትችያለሽ። ሱቅ ከሰጠሽ ደግሞ ካሴቱን ጥለሽ አትሂጂ፤ አጠገቡ ተቀመጪ። ጠፋ ብለው የመለሱት ሰው አውቃለሁ።

ለራስሽ ከሆነ «ቪዲዮ ካፕቸር» የምትባል ፍላሽ የምታህል ዕቃ ግዢ። ባንድ በኩል ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ትቀበላለች፤ በሌላው ላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ትሰካለች። ይሄን ከያዝሽ የመቀየሪያ ሳጥኗም አታስፈልግሽም፣ ምክንያቱም ፕሮጀክተሩ ከላፕቶፑ ጋር በኤችዲኤምአይ ይገናኛል። ስለዚህ ገንዘብሽን በዚህኛዋ ላይ አውጪው።

መቅረጫ ፕሮግራም ኦቢኤስ በነፃ ይገኛል። ውስጡ የቪዲዮውን ዓይነት ፓል አድርጊው። የእኛ አገር ካሴት ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። ፕሮግራሙ ኤንቲኤስሲ በሚባለው በሌላው ዓይነት ላይ ከሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል ወይም ወደ ላይ ይንከባለላል፤ ካሴቱ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ። መጠኑን 720 በ576 አድርጊ። ከዚያ በላይ ብታደርጊው ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ምስሉ አይጠራም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በግምት 2 ጊጋባይት ይይዛል። ካሴቱ ላይ ኢ 180 የሚል ካለ ሦስት ሰዓት ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ቦታ አዘጋጂ።

የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ቀርጸሽ አቁሚና እዪው። ድምፁ መግባቱን በጆሮሽ ስሚ። ሦስት ሰዓት ቀርጾ ድምፅ የለውም ማለት ያሳምማል።

የሞጣዋ ልጅ፦

ዕቃዋ ከባህር ዳር ትናንት ደረሰችልኝ። ካሴቱ ሻጋታ የለውም፤ ምላሷንም ሰብሬያታለሁ። ምስሉ ገባ፣ ድምፁም ገባ። ግን ከታች በኩል ነጭ ጭረት ይመላለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም በረዶ ይሆናል።

የዳንግላው ጠጋኝ፦

እሰይ! ጭረቱ ከታች ብቻ ከሆነ ዴኩ ላይ «ትራኪንግ» የሚል ቁልፍ አለ። ቀስ እያልሽ ወደ ላይና ወደ ታች አድርጊው፤ የሚጠፋበት ቦታ አለው። ሁሉም በረዶ የሚሆነው ግን ሄዱ ስለቆሸሸ ነው።

ዴክ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲህ ያድርግ። ዴኩን ከሶኬት ይንቀለው። ክዳኑን ያንሳ። መሃል ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ከበሮ አለ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፎ በፋርማሲ አልኮል ያርጥበው፤ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ይሻላል። ወረቀቱን ከበሮው ላይ በስሱ ያስደግፍና ሳያንቀሳቅሰው ይያዘው። ከበሮውን ነው በጣቱ ከላይ ቀስ አድርጎ የሚያዞረው። ወረቀቱ ላይ ቡናማ መስመር ይወጣል፤ ያ ነው ቆሻሻው። ወደ ላይና ወደ ታች መፈግፈግ ክልክል ነው፤ ሄዱ እንደ ጥፍር ጫፍ ስስ ስለሆነ ይሰበራል። ጥጥም አይሁን፤ ክሩ ይቀራል። የማርቆስ አረቄም አይሁን! አልኮል ነው ብለው የሚሞክሩ አሉ፤ ውስጡ ውኃም ሌላም አለበት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ።

የደብረ ማርቆሱ መምህር፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ክፍል ውስጥ በየቀኑ ፕሮጀክተር ስለምጠቀም ስለ ዕለቱ ልበል።

ከላፕቶፑ ጋር ስታገናኚው የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጫኚና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጪ። ርቀቱን ከአሁኑ ለኪ። ተራ ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ሜትር መራቅ አለበት። በሰው መሃል ከሆነ ሰው በፊቱ ያልፋል፤ ጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ ጭናችሁ ከፍ አድርጉት። ለማሳያ ነጭ አቡጀዲ በደንብ ወጥሩ። ከላይ ብቻ ከተሰቀለ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ከታችም ዘንግ ይግባበት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ዳሱ ውስጥ ብርሃን ካለ የድሮ ቪዲዮ ፈጽሞ አይታይም።

የቪዲዮው ቅርጽ 4 ለ 3 ነው። ፕሮጀክተሩ ወደ ጎን ከለጠጠው ሰዎቹ ሁሉ ወፍራምና አጭር ይሆናሉ። «አስፔክት» የሚለው ውስጥ 4 ለ 3 አድርጉት። አያታችሁን በመልካቸው እዩአቸው።

ሌላው መብራት ነው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በጣም ይሞቃል። ሲጠፋ ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ መዞር አለበት፤ በድንገት ከተቋረጠ አምፖሉን ይጎዳዋል። አምፖሉ ደግሞ ውድ ነው፣ ዕቃውም የሰው ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የሚያውስሽ ካለ ፕሮጀክተሩን በእሱ አድርጊ። ጀነሬተር ከሆነ መጀመሪያ ተነሥቶ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይሰካ።

የቡሬው ሳውንድ፦

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ግልበጣው ይሻላል። ድምፁን ለኔ ተዉት። የፕሮጀክተሩ ስፒከር ለአንድ ክፍል እንጂ ለዳስ አይሆንም። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ነጭና ቀይ የሚሄድ ገመድ አለ፤ እሱን ወደ ሚክሰሩ አስገቡ። ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ላፕቶፑ ድምፁን ወደ ፕሮጀክተሩ ይልካል፤ ሚክሰሩ ዝም ካለ አትደንግጡ። ከታች የስፒከሯን ምልክት ነክታችሁ የላፕቶፑን ስፒከር ምረጡ። «እምምም» እያለ ካጉረመረመ ደግሞ ላፕቶፑን፣ ፕሮጀክተሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የመሬት ገመዱን ግን እንዳትቆርጡ፤ ሰው ይይዛል።

ቀረርቶው ላይ ሲደርስ ድምፁን አትጨምሩ። አሮጌ ቀረጻ ሲጨመር ይጮኻል። ዝም በሉና ስሙት፤ ይደርሳል።

የሞጣዋ ልጅ፦

ሄዱን አንድ የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ልክ እንደተባለው በወረቀት ጠረገልን። ቡናማ መስመሩን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ በረዶው ጠፋ። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሙሉ ገለበጥኩት። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጫለሁ። ትናንት ማታ ሳሎን ውስጥ አንሶላ ሰቅለን ሞከርነው። እናቴ ጓዳ ነበረች። የአያቴን ድምፅ ስትሰማ ወጥ ማማሰያውን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ካሴቱን አሁን ምን ላድርገው?

የዳንግላው ጠጋኝ፦

እስከ መጀመሪያው ጠቅልይው። በሳጥኑ አድርገሽ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ አስቀምጪው እንጂ አታጋድሚው። ከምድጃና ከጭስ ራቅ ይበል፤ ከስፒከርም ራቅ ይበል፣ ማግኔት አለው። ፍላሹ ላይ ያለውንም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ አንድ ቅጂ ላኪለት።