ለተንቀሳቃሽ መሸጫችን የላይቭ ሽያጭ ዕቃዎች፦ ረቂቅ ሐሳብ (የአባላት የግሩፕ ውይይት፤ ነጋዴዎቹ በሚሸጡት ዕቃ ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ያለፈውን ጉድ፣ ዕቃችንን በኢንተርኔት በቀጥታ ቪዲዮ (ላይቭ) ስንሸጥ መሃል ላይ የተቋረጠብንን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ረቂቁ ይኸው። እስከ ዓርብ አስተያየት ካልመጣ እንዳለ ለመዋጮ ይቀርባል።

1. ባለሁለት ሲም ራውተር፣ ሲሞቹ ከተለያየ ኔትወርክ
2. ሁለት ስልክ፤ አንዱ ይቀርፃል፣ አንዱ ኮሜንት ያነባል
3. ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ
4. መብራት ከነመቆሚያው
5. ራውተሩንና መብራቱን 4 ሰዓት የሚይዝ ባትሪ
6. ነፋስ የማይጥለው ስታንድ
7. ለአቅራቢ አንድ ወንበር

ጫማ፦ ተራ ቁጥር 7 ምንድን ነው?

ጸሐፊ፦ ወንበር።

ጫማ፦ ወንበር መሆኑንማ አንብቤያለሁ። ለማን? እኛ ከጠዋት እስከ ማታ በእግራችን ቆመን፣ አንዱ በኛ መዋጮ ተደላድሎ ተቀምጦ «ሼር አድርጉ» ሊል ነው?

ቦርሳ፦ ወንበሩን ተዉትና ኢንተርኔቱን እንነጋገር። ባለፈው የገደለን እሱ ነው። ሰዉ ስፒድ ይለካና «50 ገባልኝ» ብሎ ይፎክራል። 50 የገባው ዳውንሎድ ነው። ላይቭ የሚበላው አፕሎዱን፣ ከኛ ወደ ውጭ የሚላከውን ነው። ለ720 የቪዲዮ ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋቢት ያህል ሳይዋዥቅ መውጣት አለበት። ስለዚህ ስንለካ ቢያንስ እጥፉን ካላሳየ እኔ አላምነውም። ደግሞ በባዶ ሜዳ አይለካ። ሰው ሲሞላ ያ ሁሉ ስልክ አንዱን ታወር ይሻማል፤ መለካት ያኔ ነው። ማን ይሄዳል?

የልጆች ልብስ፦ እኔ። ቅዳሜም እሁድም በየሰዓቱ ለክቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።

ቦርሳ፦ ተባረክ።

ነባር አባል፦ ስለ ወንበሩ ጫማ እውነቱን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ዳታውን ላስላላችሁ። በ3 ሜጋቢት ለ4 ሰዓት 5.4 ጊጋባይት ይሄዳል። ይሄ የሚቀርፀው ስልክ ብቻ ነው። ኮሜንት አንባቢው ላይቩን ራሱን ከፍቶ ካየ የሱም ይጨመራል። ማን ነው የሚከፍለው? ባለፈው በራሴ ስልክ ጥቅል ገዝቼ እስካሁን ድርሻውን ያልመለሰልኝ ሰው አለ። ስም አልጠራም።

ጫማ፦ ጥሪ እንጂ።

ገንዘብ ያዥ፦ ራስህን ካወቅከው ምን አስጠራኝ።

ጫማ፦ እኔ ያን ቀን አንድ ጥንድ አልሸጥኩም! ጫማዬ ተራ ሲደርሰው ላይቩ ሞተ። ላልታየሁበት ነው የምከፍለው?

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ይሄ የሒሳብ መተሳሰቢያ አይደለም።

ጌጣጌጥ፦ ወንበሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊው ላይ አትጩኹ። ለምቾት አይደለም፣ ለቀረፃ ነው። ቆሞ የሚያቀርብ ሰው ይወዛወዛል። መብራቱ የተስተካከለው ለአንድ ቦታ ነው፣ ሰውዬው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ፊቱ ይጨልማል። ባለፈው የጆሮ ጌጥ ወደ ካሜራ ባስጠጋሁ ቁጥር ስልኩ ፎከስ ፍለጋ ሲዋልል ተመልካች ያየው አውራ ጣቴን ነው። «ጥፍርሽን የት ተሠራሽ» የሚል ኮሜንት መጣልኝ፤ ስለ ጆሮ ጌጡ የጠየቀ የለም። ተቀምጬ፣ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ፣ ፎከሱን ስክሪኑ ላይ ተጭኜ ብቆልፈው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጫማ፦ ለጆሮ ጌጥ ይሁንልሽ። ጫማ ተቀምጦ አይሸጥም። ጫማ የሚታየው ተረግጦ ነው። እግር ሊታይ ይገባል።

ጌጣጌጥ፦ ታዲያ ያንተ ተራ ሲደርስ ተነስተህ ተራመድ። ማን ከወንበሩ አሰረህ?

ጫማ፦ ያኔማ ስታንዱ ከፍታው ይቀየራል፣ መብራቱ ይነሳል፣ «ትንሽ ታገሱን» እንላለን፣ ተመልካቹ ውልቅ ይላል። ራስሽ ያልሽውን ራስሽ አፈረስሽው።

ነባር አባል፦ እኔ ልጨምር። ያቅራቢው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ሁሌ እሷ ናት?

ጌጣጌጥ፦ ጋሼ፣ እርስዎም? ባለፈው አቅርቡ ተብሎ ሁሉም ሲሸሽ 3 ሰዓት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የለፈለፍኩት እኔ ነኝ። የናንተን ዕቃ! ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ ተይ እንጂ እህቴ። ጋሼም እንዲያ ማለታቸው አይደለም።

ነባር አባል፦ እንዲያ ማለቴ አይደለም። በየተራ ይሁን ለማለት ነው። አትቆጪ።

ቦርሳ፦ እናንተ ወንበር ላይ ስትጓተቱ የሚታይ ነገር ልናገር። ባለሁለት ሲም ማለት ሁለቱን አጣምሮ ይልካል ማለት አይደለም። አብዛኛው ራውተር አንዱ መስመር ሲሞት ነው ወደ ሌላው የሚዞረው። ሲዞር ላይቩ ሊቆረጥ ይችላል። አጣምሮ የሚልከው ሌላ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። የትኛውን ነው የምንገዛው? ማይኩ ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ከሆነ ራውተሩን 5 ጊጋኸርትዝ ላይ እናድርገው፤ ያለዚያ አንዱ ሌላውን ይረብሸዋል። ባለፈው ድምፁ እንደ እህል ወፍጮ ያጓራው በዚህ ይመስለኛል።

ጸሐፊ፦ ጥሩ ነጥብ። መዝግቤያለሁ። ስለ ወንበሩ ግን ዛሬ ካልወሰንን አንቀጥልም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባትሪውን የጻፈው ማን ነው? 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት-ሰዓት ነው፣ የሚባክነውን ደግሞ ቀንሱለት። ራውተሩ 10 ዋት ቢበላ በ4 ሰዓት 40 ነው፣ ያዘልቃል። 12 ቮልት ከሆነ ማስተካከያ ገመድ ይገዛለታል። መብራቱ ግን 40 ዋት ነው፤ በ4 ሰዓት 160። ለመብራቱ ሲባል ትልቅ ባትሪ ከምንገዛ መብራቱን እንሰርዝ። ቀን አይደል የምንሸጠው?

ጌጣጌጥ፦ ከድንኳን ጀርባ ሆኖ ቀን የለም። ከኋላችን ፀሐይ፣ ፊታችን ጥላ። ስልኩ ለጀርባው ብርሃን ያስተካክልና እኛ ጥቁር ሆነን እንወጣለን።

ገንዘብ ያዥ፦ አቅራቢነት ትተሻል አልነበር?

ጌጣጌጥ፦ አስተያየት አልተውኩም።

ነባር አባል፦ የፀሐይ ነገር ከተነሳ፣ ባለፈው መጀመሪያ የጠፋው ኔትወርኩ ሳይሆን ስልኩ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ቻርጀር ተሰክቶበት ፀሐይ ላይ ቆሞ ምጣድ ሆኖ ነበር። በጨርቅ ይዤ ነው ያነሳሁት። ለአይፎን እንኳ አምራቹ ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን 35 ዲግሪ ነው። እና ሰፊ ጥላ እንግዛ። ስልኩም ይተርፋል፣ እኛም እንተርፋለን። ጥላ ካለ ደግሞ ለሁሉም አባል አንዳንድ ወንበር ይግባ፣ ጭቅጭቁም ይቁም።

ጫማ፦ ይሄ ነው ሐሳብ! ለሁሉም ከሆነ እኔ ተቃውሞ የለኝም።

ቦርሳ፦ ጥላው ልክ ነው። ግን 12 ወንበር ላይቭን ምን ያደርግለታል?

ጫማ፦ ሰው ያስቀምጣል።

ሰብሳቢ፦ ድምፅ እንስጥ። ሰፊ ጥላና 12 ወንበር የምትሉ 1 ጻፉ።

ጫማ፦ 1

ነባር አባል፦ 1

ገንዘብ ያዥ፦ መብራቱና ባትሪው ከተሰረዙ 1።

ጌጣጌጥ፦ 1፣ ግን የሚታጠፍ ይሁን። የማይታጠፍ ከሆነ በመኪና 6 ብቻ ነው የሚገባው።

ቦርሳ፦ ድምፄን ይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አንድ መድረክ ላይ አንንጠልጠል። ፌስቡክ የላይቭ ገበያ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ዘጋው፣ ኢንስታግራምም በ2023 የራሱን ዘጋ። የደንበኞቻችንን ስልክ በራሳችን መዝገብ እንያዝ። ደግሞ ላይቩ በሰከንዶች ይዘገያል፤ ባለፈው እዚህ ለቆመ ሰው የሸጥኩትን ቦርሳ ኮሜንት ላይ ሌላ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ገንዘብ ላከ። በሽያጭ ሰዓት አንድ ሰው ዕቃ ብቻ ይመዝግብ። ማን ይሆናል?

ቦርሳ፦ ማንም?

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ 1. ሰፊ ጥላ። 2. የሚታጠፍ ወንበር 12። 3. ስታንድ 1። 4. ማይክ 1። 5. ስልክ፣ አባላት በየተራ የራሳቸውን ያመጣሉ። 6. ራውተር፣ የአፕሎድ ልኬቱ ሲደርስ ይታያል። መብራትና ባትሪ ተሰርዘዋል። መዋጮው ከፊተኛው ትንሽ ከፍ ይላል።

ጫማ፦ ለምን ከፍ ይላል?

ጸሐፊ፦ ወንበሩ።

ቦርሳ፦ ልኬቱስ? ቅዳሜም እሁድም አልፏል። @የልጆች ልብስ?

ቦርሳ፦ @የልጆች ልብስ

ነባር አባል፦ ትናንት አግኝቼው ነበር፣ ደህና ነው። ወንበሮቹ መደገፊያ ይኖራቸዋል?