ስሙ ውስጥ ንጉሥ ያለበት ሁሉ የንጉሡ ሰው ነው?

ቆፋሪ፦ የጥንት ግብፃውያን ስም ስለ ባለቤቱ ምን ይነግረናል የሚለውን ክርክር ትናንት ሳንጨርስ ተለያየን፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ግብፅ ውስጥ፣ ከአስዋን ከተማ ማዶ፣ ቁበት ኤል ሃዋ በሚባለው ኮረብታ ላይ የፔፒናኽት መቃብር አለ። ስሙ «ፔፒ ብርቱ ነው» ማለት ነው። ፔፒ ደግሞ የ6ኛው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ነው። እንግዲህ ንጉሡን በስሙ ተሸክሞ የሚዞር ሰው የንጉሡ ሰው ነው፣ የኖረውም በዚያው ዘመን ነው። ይሄ ምኑ ያከራክራል?

ብራና፦ ኧረ ያከራክራል ወንድሜ! ለዚህኛው ሰው ልክ ነህ፣ የፔፒ 2ኛ ሹም ነበር። ግን ይህን ያወቅነው ሹመቱንና ዘመቻዎቹን መቃብሩ ላይ ስላስጻፈ ነው። ስሙ ብቻውን የሚነግርህ አንድ ነገር ነው፤ ፔፒ የሚባል ንጉሥ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ስም አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ገደብ የለውም፣ ከ100 ዓመት በኋላም ሊወጣ ይችላል። ደግሞ የትኛው ፔፒ? ስሙ ለሁለቱም የጋራ ነው። ሲነግሡ የወጣላቸው ስም ነው የሚለያቸው፤ 1ኛው መሪሬ፣ 2ኛው ነፈርካሬ ይባላሉ። ጊዛ የተቀበረው ሹም ቃር ሌላ ስሙ መሪሬነፈር ስለሆነ ቢያንስ ከየትኛው ንጉሥ ወዲህ እንደሆነ እናውቃለን። ፔፒ ብቻ ሲሆን ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ ግድ ነው።

ናይል፦ እኔ ደግሞ ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ ባይ ነኝ። ስሙን ማን አወጣው? ፔፒ 1ኛ ከአቢዶስ ከተማ ሁለት እህትማማቾች አግብቷል፣ አባታቸው ኹዊ፣ እናታቸው ነበት። የሁለቱም ስም አንኽነስመሪሬ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አንኽነስፔፒ ተብሎ ይጻፋል። «ሕይወቷ የመሪሬ ነው» እንደማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ የትኛው ወላጅ ነው ሁለት ሴት ልጆቹን በአንድ ስም የሚጠራው? እኔ ቤተ መንግሥት ሲገቡ የተሰጣቸው ስም ነው እላለሁ። በልጅነታቸው እናታቸው ምን ብላ ትጠራቸው እንደነበር የሚነግረን ጽሑፍ የለም፣ ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። አንዷ የንጉሥ መረንሬ እናት ሆነች፣ ሌላዋ የፔፒ 2ኛ። ወንድማቸው ጃውም ትልቅ ሹም ሆነ። ስለዚህ ቆፋሪ፣ ስሙ ከቤተ መንግሥት ጋር ያገናኛል ማለትህ እዚህ ላይ ይሠራል። ግን ስሙ የሴቶቹን ልብ አይነግረንም፣ የሰጪውን ፍላጎት እንጂ።

ቆፋሪ፦ ይኸው እኮ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ስም የታማኝነት ምልክት ነው።

ብራና፦ ቆይ፣ አትቸኩል። አንዳንዴ እኮ ስሙ ውስጥ ያለው ንጉሥ ይሁን አምላክ እንኳን አይለይም። አመንሆቴፕ «አምላኩ አሙን ረክቷል» ማለት ነው። አራት ነገሥታት ተጠርተውበታል፣ ተራው ሰውም ይጠራበታል። የንጉሥ መቃብር የሚቆፍሩት ሠራተኞች በሚኖሩበት በዴይር ኤል መዲና ደግሞ አመንሆቴፕ 1ኛ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላም ከእናቱ ከአህሞስ ነፈርታሪ ጋር ይመለክ ነበር። እዚያ መንደር ልጁን አመንሆቴፕ ያለ አባት አምላኩን አሙንን ነው ያሰበው ወይስ የመንደሩን ጠባቂ ንጉሥ? የንጉሥ ስም የሚከበብበት ሞላላ ክብ፣ ካርቱሽ የሚሉት፣ ከሌለበት በምን ትለየዋለህ? ቤኒ ሃሰን የተቀበረው ገዥም አመነምሃት ይባላል፣ የንጉሡ የአመነምሃት ስም ነው። መቃብሩ ላይ የተጻፈው ዘመን ግን የሰኑስረት 1ኛ 43ኛ ዓመት ነው። ስሙን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ሰውየውን በሰኑስረት አባት፣ በንጉሡ በአመነምሃት ዘመን ትቀብረው ነበር።

ደግሞ ስም በሞት ደጃፍ ላይም ይለወጣል። ንጉሥ ራምሴስ 3ኛን ሊገድሉ ባሴሩት ላይ የተሰጠው ፍርድ ጣሊያን አገር ቱሪን ባለው ፓፒረስ (ከደንገል የተሠራ ጥቅልል) ላይ አለ። ከተከሳሾቹ አንዱ «መሰድሱሬ» ተብሎ ተጽፏል፣ «ራ (የፀሐይ አምላክ) ይጠላዋል»። ማንም እናት እንዲህ ብላ ስም አታወጣም፣ መሪሱሬ፣ «ራ ይወደዋል»፣ የነበረውን ገልብጠው ነው የጻፉት። እዚህ ስሙ የሚነግርህ የፈራጁን ቁጣ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፣ ጽሑፍ ላይ ግን ሁሌም የጻፈው እጅ አለበት።

ናይል፦ ንባቡ ራሱም እንዳይረሳ። የአምላክ ስም ለክብር ሲባል ቀድሞ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን ቦታው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰኑስረት፣ «የአምላኳ የወስረት ሰው»፣ በድሮ መጻሕፍት ኡሰርተሰን ተብሎ ነበር የሚነበበው። ምልክቶቹን እንደተጻፉ በቅደም ተከተል ስላነበቧቸው ነው። ንጉሡን እንኳን በተሳሳተ ስም ስንጠራው ኖረናል፣ ስለ አገልጋዩ ምን ያህል እርግጠኛ እንሆናለን?

ቆፋሪ፦ እሺ፣ በዘመኑ ጉዳይ ተሸነፍኩ። ስም ብቻውን ዘመን አይቆጥርም፣ ተቀብያለሁ። በታማኝነቱ ግን ገና አልተስማማንም። ፔፒናኽት ሌላ ስም ነበረው፣ ሄቃኢብ፣ «ልቡን የሚገዛ»። ከሞተ በኋላ አስዋን አጠገብ ያለችው የኤለፋንቲን ደሴት ሰዎች ቤተ ጸሎት ሠርተው ያመለኩት በዚህኛው ስሙ ነው፣ ልጆቻቸውንም ሄቃኢብ እያሉ ጠሩ። ታዲያ ለንጉሡ ፔፒናኽት፣ ለሰፈሩ ሄቃኢብ ከሆነ፣ የንጉሡ ስም ለሹመቱ የተያዘ ስም ነበር ማለት አይደለም? ብራና፣ እዚህ ላይ መልስህን እጠብቃለሁ።