በዲጂታል ካሜራ ፒንሆል፦ ጭጋጉና ጥቋቁር ነጠብጣቦቹ ከየት ይመጣሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒንሆል (ያለ ሌንስ፣ በመርፌ ቀዳዳ ብቻ ፎቶ ማንሳት) እየሞከርኩ ነው። ካሜራው የካነን ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚነቀል ካሜራ) ነው። ሌንሱ ሲነቀል አፉ ላይ የሚገጠመውን ፕላስቲክ መክደኛ በ6 ሚሜ ድሪል መሃሉን በስቼ፣ በመርፌ የተወጋ የለስላሳ ቆርቆሮ ከውስጥ ለጥፌበታለሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ መሃሉ ላይ ነጭ ጭጋግ አለ፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ቦታቸውን የማይለቁ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። የፒንሆል ጠባይ ነው ወይስ የአሠራር ስህተት?

መልስ 1፦
ለስለስ ማለቱ ጠባዩ ነው፤ የሌንስ ጥራት አትጠብቅበት። የቀረው ግን ይስተካከላል።

መርፌው እስከ ወገቡ ከገባ ቀዳዳው ከ0.5 ሚሜ ይበልጣል። ባንተ ካሜራ ከቀዳዳው እስከ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) 45 ሚሜ ገደማ ነው፤ ለዚህ ርቀት የሚስማማው 0.3 ሚሜ ነው። ከዚያ በታች ብታጠበውም አይረዳም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ መልሶ ይደበዝዛል።

ቆርቆሮውን ካርቶን ላይ አንጥፈህ መርፌውን ሳትበሳ ተጫነው፤ ከጀርባ ትንሽ እብጠት ብቻ ይውጣ። እብጠቱን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ አሳሳው፣ ከዚያ በመርፌው ጫፍ ብቻ እያሽከረከርክ ክፈተው፣ እንደገና ፍቀው። ጠርዙ ላይ የቀረች ፍንጣሪ ምስሉን ታበላሻለች። ለመለካት በስካነር በ2400 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) አንሳው፤ ቀዳዳው 28 ፒክስል ከሆነ 0.3 ሚሜ ደርሰሃል።

መልስ 2፦
ስለ ቀዳዳው የተባለው ልክ ነው፤ ጭጋጉ ግን የሚመጣው ከነጸብራቅ ነው። ወደ ሴንሰሩ የዞረው የቆርቆሮ ገጽ ስለሚያብረቀርቅ፣ ከሴንሰሩ የነጠረው ብርሃን ቆርቆሮው ላይ አርፎ ይመለሳል። ገጹን በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ ቀዳዳውን እንዳትደፍን ብቻ ተጠንቀቅ። ዳር ዳሩንም በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ዝጋ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍነህ ፀሐይ ላይ 30 ሰከንድ አንሳ። ድፍን ጥቁር ካልሆነ ብርሃን በሌላ በኩል እየገባ ነው። በዓይን የምናይበት መስኮትም ያስገባልና ሸፍነው።

ሞዱ ኤም (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክልበት) ይሁን። 45 ለ0.3 ሲካፈል 150 ስለሚሆን አፐርቸርህ (የብርሃን መግቢያው መጠን፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠብባል) ኤፍ 150 ነው፤ በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ከ1 ሰከንድ ጀምር። ደመና ከሆነ 8 ሰከንድ ሞክር። ትራይፖድና የ2 ሰከንድ ታይመር ግድ ናቸው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ነጠብጣቦቹስ? ሴንሰሩን በጥጥ ልጥረገው?

መልስ 3፦
በጥጥ በፍጹም! ይጭረዋል፣ ክሩም ይቀርበታል። ነጠብጣቦቹ አቧራ ናቸው፤ በኤፍ 8 ጥላቸው ስለሚሟሟ አይታዩም፣ በኤፍ 150 ግን ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ደፍተህ፣ በሜኑው የሴንሰር ጽዳት ሞድ ከሴንሰሩ ፊት ያለውን መስታወት አንስተህ፣ በጎማ መንፊያ ንፋበት። በአፍህ እንዳትነፋ፣ ምራቅ ይረጫል።

መክደኛውን ስትበሳ የወጣው የፕላስቲክ ብናኝም ሴንሰሩ ላይ ሊደርስ ይችላል። ቆርቆሮውን ነቅለህ መክደኛውን በሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ መልሰህ ለጥፍ።