አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ምን ልጫን? የሞከርኳቸውን ላወዳድርላችሁ

«ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፣ አርጅቷል። ወደ አዲስ ልቀይረው ወይስ እንዳለ ልተወው?» ሰሞኑን ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ለራሴ፣ ለእህቴና ለጓደኞቼ ስል ብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ ስሞክር ቆይቻለሁ። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ጥያቄው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ላፕቶፑ አይዘጋም፣ ፋይላችሁም የትም አይሄድም። የቆመው የደህንነት አፕዴቱ ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ አይኖርም። ለግለሰቦች አንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም አለ። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ስታደርጉ ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል። የሚያደርሳችሁ ግን እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ፋታ ይሰጣል እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

ወደ ጥቆማዬ ልግባ። ከሁሉ በፊት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን (ዊንዶውስን የመሰለውን፣ ማሽኑን የሚያስኬደውን ዋና ፕሮግራም) ለጊዜው ተዉትና ዲስኩን እዩ።

ይህን አጥብቄ የምለው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። የመጀመሪያው ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። ሲዘገይብኝ ጥፋቱን ዊንዶውሱ ላይ ጣልኩና ፎርማት አደረግሁት። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ። ደግሜ ፎርማት አደረግሁት። ሦስተኛውን ልጀምር ስል አንድ ወዳጄ ታስክ ማናጀርን (ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍቶ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ እንደሚውል አሳየኝ። በኤስኤስዲ (ምንም የማይሽከረከርበት ፈጣን ዲስክ) ስቀይረው፣ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበት የነበረው ማሽን በሰከንዶች መነሳት ጀመረ። ያን ሁሉ ወራት በከንቱ ነበር የተቸገርኩት።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ። አንዱ ፋይል እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሲሆን ክንዱ እየተመላለሰ ነው የሚያነበው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሳታ የሚባለው የቆየው ዓይነት ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ደግሞ 100 አካባቢ ነው። ትናንሽ ፋይሎች ላይ ልዩነቱ ከዚህም በጣም ይሰፋል። ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ በብዛት ትናንሽ ፋይል ነው።

ስትገዙ ሞዴላችሁን አጣሩ። አንዳንዱ ላፕቶፕ 2.5 ኢንች ሳታ ነው የሚቀበለው፣ አንዳንዱ ኤም ዶት ቱ። ኤም ዶት ቱ (ትንሽ ሳንቃ የሚመስለው) ራሱ ሳታ የሆነና ኤንቪኤምኢ የሚባል ፈጣን ዓይነት የሆነ አለው። መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። ለአብዛኛው ሰው 256 ጊጋ ይበቃል። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ 8 አድርሱት። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፣ ስለዚህ የትኛውን እንደሚወስድ ቀድማችሁ እወቁ። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ይችላል። እሱ አይጨመርም።

ዲስኩ ከተስተካከለ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው።

ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን በመደበኛው መንገድ የሚቀበል ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። እሱን ጫኑ። የለመዳችሁት ፕሮግራም ሁሉ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ከሆነም አዲስ ፈቃድ አትገዙም። መስፈርቱ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል)ና ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል) ነው። አራት ጊጋ የሚለውን ግን አትመኑ። ይነሳል፣ ብሮውዘር ስትከፍቱበት ግን ያቃስታል።

ብዙውን ማሽን የሚጥለው ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። አይ 5-8250 ካለ 8ኛ ነው፣ አይ 5-6200 ካለ 6ኛ ነው፣ አይ 5-10210 ካለ ደግሞ 10ኛ። ኤኤምዲ ላይ ስሞቹ ያደናግራሉ፣ ስለዚህ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ እሱ ይንገራችሁ።

«ቲፒኤም የለም» ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ተብሎ ታገኙታላችሁ። ባዮሱን ከመነካካታችሁ በፊት ግን እባካችሁ የቢትሎከር (ዲስኩን የሚመሰጥረው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ቁልፋችሁን ጽፋችሁ ያዙ። 48 አሃዝ ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩ የተመሰጠረ ነው። ያ ቁልፍ ከሌለ ፋይሉም የለም።

መስፈርቱን የማያሟላ ማሽን ላይ በሩፈስ (የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ነፃ ፕሮግራም) ቁጥጥሩን ዘሎ መጫንስ? ይቻላል። እኔ 7ኛ ጀነሬሽን ላይ ሞክሬው ጥሩ ሄዷል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉ ማሽኖች አፕዴት ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። የዓመቱ ትልቁ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ በእጃችሁ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። በጣም የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጭራሽ አይነሳም። ነገሩን ለሚወድ ሰው እሺ ልበል። ለእናቴ ግን አልጭንላትም፣ በየዓመቱ ደውላ እንድትጨነቅ አልፈልግም።

8ኛ ጀነሬሽን ያልደረሰ ላፕቶፕ ላላቸው የእኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ ብዙ ዓይነት ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሚንት አንዱ ነው። የእህቴ ማሽን ላይ ጭኜላት ሁለተኛ ቀን ላይ ጥያቄ አቁማለች። የታችኛው መስመር፣ ስታርት ሜኑው፣ ፋይል መክፈቻው ከዊንዶውስ የመጣን ሰው አያስቸግርም። ነፃ ነው። የ22ኛው ተከታታይ እትም እስከ 2029 የደህንነት አፕዴት ያገኛል። ሦስት መልክ አለው። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ሲናሞን የሚባለውን፣ 4 ጊጋ ላይ ከሆናችሁ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ውሰዱ።

ዞሪን የሚባለው ሌላው ሊኑክስም ጥሩ ነው፣ በመልኩ ከሚንት ያምራል። 18ኛ እትሙ የወጣው ልክ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በቆመበት ዕለት ነው፣ ለማን እንደታሰበ ከዚያ ይታወቃል። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የምመክረው ማሽኑ ትንሽ ጉልበት ላለው ነው። 2 ጊጋ ራም ብቻ ላለው ቀለል ያለው ሉቡንቱ ይሻላል፣ ግን በዚህ ዘመን ድረ ገጾቹ ራሳቸው ከባድ ስለሆኑ ከእሱም ብዙ አትጠብቁ።

ሊኑክስ የማይሆነው ለማን ነው? ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ ለሚሠራ አይሆንም። ኤክሴል ላይ ከባድ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚደጋግም ትእዛዝ) ለሚጠቀምም አይሆንም። ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ የዎርድን ፋይል ይከፍታል፣ ተራ ደብዳቤ ላይ ችግር የለውም። የተወሳሰበ ሠንጠረዥ ያለው ሰነድ ላይ ግን ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። ሥራችሁ በዚህ ላይ ከቆመ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ።

የሊኑክስ ትልቁ ጥሩ ነገር ሳይጫን መሞከሩ ነው። ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ አስነሱት። ዲስካችሁን ሳይነካ ይሠራል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ የስክሪኑ ብርሃን መቀነስና መጨመሩ፣ ሁሉንም እዚያው ፈትሹ። በተለይ ብሮድኮም የሚባለው የዋይፋይ ካርድ ያለባቸው ማሽኖች መጀመሪያ ላይ ዋይፋይ ላያዩ ይችላሉ። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ኢንተርኔት ስጡትና ድራይቨሩን አውርዱለት፣ ይስተካከላል።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የጉግል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፣ እሱም ነፃ። 4 ጊጋ ራምና 16 ጊጋ ዲስክ ይበቃዋል። ኢሜይል፣ ዩቲዩብና ጉግል ዶክስ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ስሙን ሲሰማ ግን ሰው ይሳሳታል፣ እንደ ክሮምቡክ (ክሮም ኦኤስ ተጭኖበት የሚሸጥ ላፕቶፕ) የአንድሮይድ አፕ የሚጫንበት ይመስለዋል። አይጫንበትም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እጅ ያጥራል።

አሮጌ ማክ ላላችሁ ባጭሩ፦ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የሚባል ፕሮግራም አፕል የተወውን ማክ ላይ አዲስ ማክኦኤስ ያስጭናል። የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፣ ጎበዝ ሥራ ነው። ግን አፕል ራሱ ማክኦኤስ 26 ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሆነ ስለተናገረ መንገዱ አጭር ነው።

አማርኛ ለምትጽፉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ፎንት ከጠፋባችሁ አልተሰረዘም። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉ ፎንቶች አሉ፣ ለመጻፊያ ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ዩኒኮድ (ፊደላት በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት እንዲነበቡ የሚያደርገው ደረጃ) ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካላችሁ ግን ያንን ፎንት ራሱን ከአሮጌው ማሽን ሳትገለብጡ ፎርማት አታድርጉ። ያለ እሱ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ነው የሚታያችሁ።

የሚጭንላችሁ ማነው? ፍላሽ አዘጋጅቶ መመሪያ ማንበብ የሚችል ሰው ራሱ ቢያደርገው እመርጣለሁ፣ የሚማረው ነገር አለ። ዲስክ መቀየር ግን ላፕቶፕ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት። ባትሪውን ሳይነቅሉና ትናንሾቹን ማያያዣዎች ሳይጠነቀቁ የሚከፍቱ ሰዎች ማዘርቦርድ ሲያበላሹ አይቻለሁ።

ስትሰጡ ጠይቁ። ባክአፕ ይያዛል? የሚጫነው ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ ነው ወይስ ክራክ (ፈቃዱ በሕገወጥ መንገድ የተሰበረ)? ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርጉት፣ አክቲቬተር የሚባሉት ፕሮግራሞች አንቲቫይረሱን አጥፉ ብለው ነው የሚጀምሩት። በዚያ ማሽን የባንክ አካውንት መክፈት እኔ አልደፍርም። ባለሙያው ሲጠየቅ የሚናደድ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ባክአፑን ደግሞ ከቤት ሳትወጡ ራሳችሁ ያዙ። አንዴ ላፕቶፔን ለማፋጠን ለአንድ ሰው ሰጥቼ ዲ የሚለው ክፍል እንዳይነካ ነግሬው ነበር። ሁሉንም ፎርማት አድርጎ ሰጠኝ። የአባቴ የመጨረሻ ዓመታት ፎቶዎች እዚያ ነበሩ።

ስለዚህ ኤስኤስዲ ስታስገቡ የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ እዚያ ትታችሁ እንዳትመጡ። ከተቻለ ምንም ሳይሰረዝበት እንዳለ ተቀበሉት፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። አዲሱ ማሽን ላይ የሚጎድል ነገር የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ በዩኤስቢ ማገናኛ ሰክታችሁ ታወጡታላችሁ።