ለአዲስ መምህራን የምርምር በጀት ለብቻው ይቀመጥ ወይስ ከነባሮቹ ጋር ይወዳደሩ?

የአፈሩ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴን ይዤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ ሁለት ጊዜ ፕሮፖዛል አስገብቼ ሁለቴም ወደቅኩ። የመጨረሻው አስተያየት አንድ መስመር ናት፤ «የዋና ተመራማሪው ልምድ አነስተኛ ነው»። ገንዘቡ ካልተሰጠኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያመጣሁት አፈር በፌስታል ታስሮ ጠረጴዛዬ ስር ቁጭ ብሏል፤ የባለማሳዎቹን ስም የጻፍኩበት ወረቀት እንኳ እየደበዘዘ ነው። ለጀማሪ የተለየ በጀት ይቀመጥ ባይ ነኝ።

ነባሩ መምህር (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ በጀት ለብቻ ይቆረስ በሚለው ግን አልስማማም። ብዙ ፕሮፖዛል ገምግሜአለሁ። አምስት ገጽ ሙሉ ስለ አፈር አሲዳማነት በዓለም ዙሪያ ይተነተንና ተመራማሪው ራሱ የሚሠራው ነገር በግማሽ ገጽ ያልቃል። ኖራ አሲዳማ መሬት እንደሚያክም እኮ የታወቀ ነው! ያንተ ጥያቄ ምንድን ነው? ለሄክታር ስንት ኩንታል፣ ለስንት የምርት ዘመን ይበቃል፣ ገበሬው ኖራውን ከደጀን ድረስ አስጭኖ ያዋጣዋል ወይ? እሱን ጻፍ።

የኢንጅባራዋ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ማን ነገረው? ያለፉ ፕሮፖዛሎች ተቆልፎባቸው ነው ያሉት፤ አንድ እንኳ አይተን አናውቅም። «ከነባር ጋር ተጠግታችሁ ተማሩ» ይባላል። ተጠግቼ አይቻለሁ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሃል ስድስት ሳምንት ተንከራትቼ ከሰል አክሳዮቹን መጠይቅ ያስሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሪፖርቱ ላይ ስሜ አራተኛ ሆኖ ወጣ፣ በጀቱ እንዴት እንደተሠራ ግን አንድ ቀን ተጠርቼ አላየሁም። ደግሞ ለጀማሪ ለብቻ መመደብ አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዓላማው የታዳጊ አገር ጀማሪ ተመራማሪዎችን መደገፍ ነበር፤ ያም ሆኖ በውድድር ነው ይሰጥ የነበረው። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ይወዳደር ነው የምንለው፣ በነጻ ይሰጠን አላልንም።

የሒሳብ ሰው፦
ብሩ ተገኘ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። አዲሶቹ የሚቸገሩት ወጪያቸውን በደረሰኝ ሲያወራርዱ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ያላወራረደ ሁለተኛው አይለቀቅለትም። አፈር ያስቆፈራችሁት ገበሬ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ስሙን፣ የሠራበትን ቀንና ፊርማውን የያዘ ሊስት እዚያው ማሳው ላይ አስፈርሙ፤ ከወር በኋላ ለፊርማ ብቻ ተመልሶ መሄድ አበሳ ነው። ይህን ከመነሻው የሚያሳያቸው ሰው ቢኖር እኛም እናርፍ ነበር።

ነባሩ መምህር፦
የኢንጅባራዋ እህቴ፣ የስሙ ነገር ነውር ነው፣ ምንም መከላከያ የለኝም። ጀማሪ ከጀማሪ ይወዳደር ያልሽውንም እቀበላለሁ፤ ግን ከማስገባታቸው በፊት ረቂቁን የሚያነብላቸው ሰው ካልተመደበ ያው እዚያው ነን። የአፈሩ ልጅ፣ ረቂቅህን ላክልኝ። ያለፈልኝንም የወደቀብኝንም ፕሮፖዛል ከነገምጋሚዎቹ አስተያየት እልክልሃለሁ።

የአፈሩ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ የኖራውን ማጓጓዣ ዋጋ ጠይቄ ልጨምርበትና።