ጠቅልዬ ጅማ ገባሁ፤ ግን እንግዳ ሆኛለሁ። የተመለሳችሁ እንዴት ቻላችሁት?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብሊን 19 ዓመት ኖሬ ጠቅልዬ ከገባሁ ስድስት ወር ሆነኝ። እዚያ ሳለሁ ከሁሉም በላይ የሚናፍቀኝ የጅማ ክረምት ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ውጭው ጨለም ብሎ ውስጥ ቡና ሲቆላ። የደብሊን ዝናብ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ያረጥብሃል። አሁን የናፈቀኝ ሁሉ አጠገቤ ነው፤ እኔ ግን የለሁበትም። እናቴ ቤት ስገባ ሶፋው ይለቀቅልኛል፣ ሌላው ሁሉ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰፈር ውስጥ "ዲያስፖራው" ነኝ፤ ስሜን የሚጠራኝ የለም። ባለፈው አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ አብሮ አደጎቼን ስቆጥር፣ እዚህ የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ደብሊን አብሬያቸው የምሠራ አንድ የአየርላንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው 30 ዓመት ግንባታ ላይ ሠርተዋል። እዚያ "አይሪሹ" ሲባሉ ኖረው፣ አገራቸው ሲገቡ የመንደራቸው ሰው "እንግሊዙ" አላቸው። ሲነግሩኝ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ። እስቲ የተመለሳችሁ ንገሩኝ፣ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ? ወይስ አይለቅም?

ቤሩት ደርሳ መልስ፦
እንኳን ለአገርህ አበቃህ ወንድሜ። እኔ ከተመለስኩ 8 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሳለቅስ ነው ያሳለፍኩት። ዕድር ገብተሃል? ብር ከፍለህ መገላገሉን አይደለም የምልህ። ለቅሶ ቤት ሄደህ ድንኳን ትከል፣ ወንበር ተሸከም፣ ከሰው ጋር አምሽ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ነው ከሴቶቹ ጋር ወሬ የጀመርኩት። አንድ ቀን ቀርቼ ቅጣት ሲያስከፍሉኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እንግዳ አይቀጣማ!

ከሚኒሶታ፦
እኔ ገና አልተመለስኩም፤ ያንተን ሳነብ ግን ፈራሁ። ስለ አየርላንድ ካነሳህ፣ እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹን በሽታ መታውና ረሃብ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የማያንስ ደግሞ ተሰደደ። በዚያ ዘመን ሰው ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ቤተሰቡ ዋዜማውን እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ ያድር ነበር፣ ዳግም አንተያይም ብለው። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ተመልሶ ሲመጣ ታዲያ የት ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪ ሮቢንሰን የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ለተሰደዱት ብለው በመኖሪያቸው መስኮት መብራት አኖሩ። እኔን እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ። ስልክ ስንጨርስ ሁልጊዜ "ክፍልህን ጠርጌዋለሁ" ትለኛለች። 14 ዓመት ሙሉ።

ፈረንጅ አራዳ፦
እኔ ከጅማ ወጥቼ አላውቅም፣ ወንድሜ ግን እንዳንተ ተመላሽ ነው። ቅር እንዳይልህ በግልጽ ልንገርህ፤ እኛም እንፈራችኋለን። ችግራችንን ብናወራ ብር የጠየቅን እንዳይመስል ዝም እንላለን። ወንድሜ የአባታችንን ሕመም ከጎረቤት ነው የሰማው፤ እስካሁን ይጸጽተኛል። ሶፋውን ተወው። እነሱ ጋር ዝቅ ብለህ ተቀመጥና ጠይቃቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመህ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ፈረንጅ አራዳ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ትናንት ቡና ላይ በርጩማ ስጡኝ አልኩ። እናቴ "ልብስህ ይቆሽሻል" ብላ ተከላከለች፣ እንቢ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። እህቴ ተነስታ ጓዳ ባልዲ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ቆርቆሮው ካፈሰሰ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ባልዲውን ሁልጊዜ እኔ ከሄድኩ በኋላ ነበር የሚያወጡት። ተናድጄ ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ፣ እህቴም ተናደደች፣ እንደ ልጅነታችን ተጯጯህን። ቅዳሜ አብረን ቆርቆሮ ልንገዛ ነው። ጥሩ ጣሪያ ሠሪ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።