የሚዞ ኮርፐስ፦ አጫጭሮቹን ዓረፍተ ነገሮች ላጥፋ ወይስ ላቆይ?

ጥያቄ (የፑኔዋ ተማሪ)
ጤና ይስጥልኝ። ህንድ አገር ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የደረሰኝ ሥራ የሚዞ ቋንቋ ኮርፐስ (ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚሰበሰብ የጽሑፍ ክምችት) ማጽዳት ነው። ሚዞ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በሚዞራም ግዛት ይነገራል፤ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 830,000 ያህል ተናጋሪ ነበረው። ከድረ ገጾች የተለቀመው ጽሑፍ በሁለትና በሦስት ቃል ዓረፍተ ነገሮች የተሞላ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ከአምስት ቃል በታች ያለውን ጠራርጊው» ይላል። እጄ እምቢ አለኝ። ቋንቋውን አልችለውም፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀለም ቆጣሪ
እንዳታጠፊ! ሚዞ ተውላጠ ስሙንም አሉታውንም ከግሱ ለይቶ ነው የሚጽፈው። እኛ «አልፈልግም» የምንለው እዚያ «ካ ዱህ ሎ» ነው፤ ሦስት ቃል። በአምስት ቃል ወንፊት ካጣራሽ ሰው ቤቱ የሚያወራው ሁሉ ፈስሶ ዜናና መጽሐፍ ቅዱስ ይተርፍሻል።

ይልቅ ድግግሞሹን እዪ። በአንድ ድረ ገጽ ብዙ ገጾች ላይ ሳይለወጥ የሚመላለስ መስመር ብዙውን ጊዜ የሜኑ ወይም የማስታወቂያ ጽሑፍ ነው። እሱን አውጪው። ሰላምታና ምስጋና ግን መደጋገማቸው ያለ ነው። አንዱን አስቀሪና ስንት ጊዜ እንደመጣ መዝግቢ።

ነጥብ አዳኝ
ከዚያ በፊት ፊደሉን አስተካክዪ። ሚዞ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከሥሯ ነጥብ ያላት «ቲ» አለችው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚመዘግብበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ላይ ወይ እንደ አንድ ፊደል ወይ ተራ ቲ ላይ ነጥብ ተጨምሮ ትመጣለች። ለዓይን አንድ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። በኤንኤፍሲ (NFC፣ ሁለቱን አጻጻፍ ወደ አንድ ፊደል የሚያመጣ የዩኒኮድ ደንብ) አንድ አድርጊያቸው፤ አለበለዚያ ድግግሞሽ ቆጠራሽ ሁሉ ውሸት ነው። ነጥቧን ትቶ የሚጽፍም ሞልቷል፤ ያንን ግን በግምት እንዳታርሚ።

ዳዊት ደጋሚ
ጓደኛሽም ጭራሽ አልተሳሳተም። ቀን፣ ስልክ ቁጥርና የሰው ስም ብቻ የያዘ መስመር ይውጣ።

ሌላው፣ ቋንቋ መለያ ሶፍትዌር ሦስት ቃል ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ማርና ፓይቴ የሚባሉት ዘመድ ቋንቋዎችም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይቀላቀሉብሻል። መለያውን በዓረፍተ ነገር ሳይሆን በሙሉ ገጽ አስኪጂው። ደግሞ በሚዞ የድምፅ ቃና ትርጉም ይለውጣል፤ በተለመደው አጻጻፍ ግን አብዛኛው ቃና አይታይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አጭር ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ያለውን አብረሽ ያዢ።

የፑኔዋ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ! ለመፈተሻስ ምን ልጠቀም?

ቀለም ቆጣሪ
ፍሎረስ 200 (FLORES-200) የሚባል የብዙ ቋንቋዎች የትርጉም መፈተሻ ስብስብ አለ፤ ውስጡ ሚዞም አለ። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ረዘም ያሉ ናቸው፤ የአጫጭሮቹን ነገር አይነግሩሽም። ማሠልጠኛ ጽሑፍሽ ውስጥም እንዳይገቡ ተጠንቀቂ። ግቢያችሁ ውስጥ ከሚዞራም ዋና ከተማ ከአይዞል የመጣ ተማሪ ፈልጊና መቶ ሁለት መቶ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በእጁ ይለይልሽ። ክፍያውንም ከአሁኑ በጀት ላይ አስገቢ።